የሐረር አሮጌ ምንጣፍ፡ ጌጥነቱ አያጠራጥርም፣ ዋጋው ግን ይጣራ

በሐረር ጁገል ውስጥ ወደሚገኝ የሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ በሩን አልፎ ዞር ቢልና ወደ ላይ ቢመለከት፣ ከበሩ አናት ባለው እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ሊያይ ይችላል። ምንጣፉ እዚያ የወጣው ማስቀመጫ ጠፍቶለት አይደለም። በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ሁለት ጥቅል ካለ ሁለት ልጆች አሉ ይባላል። ሽማግሌ ለመላክ ያሰበ ቤተሰብ አፍ አውጥቶ ሳይጠይቅ መልሱን ከበሩ በላይ ያገኛል ማለት ነው።

ምንጣፉ ዛሬ ሌላ ዓይነት ጠያቂም አለው። አዲስ ያሠራውን ቪላ ወይም የገዛውን አፓርታማ ከጎረቤቱ ለየት አድርጎ ማስጌጥ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የእንግዳ መቀበያውን በባህል ዕቃ ማድመቅ የሚሻ የሆቴል ባለቤት፣ ለእረፍት መጥቶ ከአገሩ አንድ ነገር ይዞ መመለስ የሚፈልግ ከውጭ አገር የመጣ ኢትዮጵያዊ፣ ሁሉም አሮጌ የእጅ ምንጣፍ ይጠይቃሉ። በመካከል ያለው ደላላ ደግሞ ሦስት ነገር ይጠራል፤ አሮጌ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው፣ የሐረር ነው። ዋጋው የሚቆመው በእነዚህ ሦስት ቃላት ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። አንዱን በአምስት ደቂቃ ማጣራት ይቻላል። የቀረው ግን ልምድ ያለውን ነጋዴ ሳይቀር ያሳስታል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ገዢው ሦስቱን ለየብቻ መመርመር ይኖርበታል።

«የሐረር ነው»

ሐረር የእጅ ሙያ የማያንሳት ከተማ ናት። ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በ48 ሄክታር ላይ የሰፈረችውን ባለ ግንብ ከተማ ከ82 መስጊዶቿና ከቤቶቿ አሠራር ጋር የሽመና፣ የስፌትና የመጽሐፍ ጥራዝ ሙያዎቿንም አንሥቷል። ቋጠሮ ያለው ጠጉራም ምንጣፍ ግን የሐረር ሙያ ሆኖ አይታወቅም። በገበያው «የሐረር ምንጣፍ» እየተባለ የሚጠራው ሐረር የሠራችው ሳይሆን ሐረር ያኖረችው ነው።

አመጣጡን ለማወቅ የከተማይቱን የንግድ ታሪክ ማየት ይበቃል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ለብዙ ዘመን ወደ ሐረር የገባው ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች በሲራራ ነጋዴ ግመል ተጭኖ ነው። ከባሕሩ ወዲያ ዓደን አለች። ከዓደን ወዲያ ሕንድና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ አሉ። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ከተማይቱን ይዘው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። በየዘመኑ የሕንድ፣ የዐረብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተውባታል። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ የወጪና ገቢ ንግዱ ሚዛን ቁልቁል ወደ ሜዳው ወረደ፤ ምንጣፍ ግን ወደ ጁገል መውጣቱን አላቆመም። ለሐጅ የሄደ ሰው መስገጃ ይዞ ይመለሳል። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ቤት ምንጣፍ ይልካል።

በመሆኑም በአንድ ቤት ውስጥ የፋርስ፣ የሕንድ፣ የቱርክና የዐረብ አገር ገበያ ሥራዎች ጎን ለጎን ተነጥፈው ሊገኙ ይችላሉ። ከእነሱም መካከል ጥቂት የማይባሉት የአውሮፓ ወይም የእስያ ፋብሪካ ያመረታቸው ናቸው። «የሐረር» የሚለው ቃል የሥራውን አገር ሳይሆን የኖረበትን ቤት የሚገልጽ ከሆነ ዋጋ ሊጨምር ይገባል። ለዚያ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የማን ቤት ነበር? መቼ ገባ? የቀድሞ የሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ይታያል? በውጭ አገር የጥንታዊ ዕቃ ገበያ የዕቃውን የባለቤትነት ታሪክ የሚያስረዳ ወረቀት ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። እኛ ዘንድ ወረቀቱን የሚተካው የደላላው አፍ ነው። አፍ ደግሞ ቀረጥ አይከፈልበትም።

ምንጣፉ ሐረር ውስጥ ለምን ይህን ያህል እንደ ተከበረ የሚገባው ቤቱን ላየ ነው። የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል እንደ ሌላው ሳሎን በወንበርና በሶፋ የተሞላ አይደለም። መቀመጫው ከወለሉ በተለያየ ከፍታ የተሠራ መደብ ሲሆን ነደባ ይባላል። አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤትና የተከበረ ሰው የሚቀመጥበት ነው። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው። ሌሎቹም እንደየደረጃቸው ናቸው። የቤት ዕቃ የሚባለው እንግዲህ መደቡን የሚያለብሰው ምንጣፍ፣ መከዳው፣ ግድግዳውን የሚሸፍነው ስፌትና በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች የሚደረደረው ሳሕንና መጽሐፍ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ መደቡና ወለሉ ቀይ ነው፤ ቀዩ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። በእንዲህ ያለ ቤት ምንጣፍ ወንበርም፣ አልጋም፣ ጌጥም ሆኖ ያገለግላል። ሌላው ለሶፋ የሚያወጣውን ገንዘብ የሐረር ሰው ለምንጣፍ ሲያወጣ ኖሯል።

«የእጅ ሥራ ነው»

ይህኛው ቀላል ነው። ምንጣፉን መገልበጥ ብቻ ይጠይቃል፤ ፊቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ነው።

በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ በጀርባው ላይ ፊቱ ላይ ያለው ጌጥ ቀለሙም ቅርጹም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ጠጉር በድሩ ላይ ዞሮ የተቋጠረ ስለሆነ ቋጠሮው በጀርባ በኩል ይወጣል። ጠጉሩን በጣት ከፈል አድርገው እስከ ሥሩ ቢያዩ ቋጠሮው ይገኛል። ቋጠሮዎቹ ፈጽሞ እኩል አይሆኑም፤ ሠሪው ሰው ነውና አንዱ ጠበቅ ሌላው ላላ ይላል፣ መስመሩም ዘመም ይላል። የፋብሪካው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በገዥ እንደ ተሰመረ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ዘርፉ ነው። በእጅ ሥራ ዘርፍ ማለት የምንጣፉ ድር ራሱ ተርፎ የወጣው ጫፍ ነው። በፋብሪካ ሥራ ግን ዘርፍ ተብሎ የሚታየው ኋላ በስፌት መኪና የተለጠፈ ጥብጣብ ነው። ስፌቱን ያየ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ጀርባው በሙጫ የተለበጠና ጨርቅ የለበሰ ከሆነ ደግሞ በእጅ በያዙት መሣሪያ የተተከለ ሊሆን ይችላል፤ እጅ ነክቶታል ማለት ይቻላል፣ ቋጠሮ ግን የለውም፣ ዕድሜም የለውም። ሙጫው ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይረግፋል።

ሦስተኛው የእሳት ምርመራ ነው። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። የበግ ጠጉር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ዐመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጥሮ የሚቀር ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ሻጭ ክር መምዘዝ ከከለከለ ምክንያቱን መጠየቅ የገዢ መብት ነው።

ገዢው በእጅ ለተሠራው ለምን ይህን ያህል ይከፍላል? መልሱ በሂሳብ ይገኛል። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መካከለኛ ጥራት ያለው ምንጣፍ እንውሰድ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 16 ቋጠሮ ቢኖረው በጠቅላላው 960 ሺህ ቋጠሮ ይሆናል። ጎበዝ ሠራተኛ በቀን 8 ሺህ ገደማ ቢቋጥር 120 የሥራ ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ጥራቱ ከፍ ብሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ቋጠሮ ቢሆን ቋጠሮው 3 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ለአንድ ሰው የ375 ቀን ሥራ ነው። በዚህ ላይ በጉን መሸለት፣ ጠጉሩን መፍተልና ማቅለም አልተቆጠረም። አሮጌ ምንጣፍ የገዛ ሰው እንግዲህ የገዛው የአንድን ሰው ግማሽ ዓመት ወይም ሙሉ ዓመት ነው፤ ያንን ጉልበት ዛሬ በዛሬ ደመወዝ ላሠራ ቢል ዋጋው ከአሮጌው ሊበልጥበት ይችላል።

ቋጠሮ ብዛት ብቻውን ግን ዋጋ አይሆንም። የዘላኖችና የመንደር ሥራዎች ቋጠሯቸው ሳሳ ያለ ሆኖ በቀለማቸውና በንድፋቸው ከደቃቁ የከተማ ሥራ በላይ የሚወደዱበት ጊዜ አለ። በቋጠሮ ብቻ የሚደራደር ነጋዴ ሥጋን በአጥንቱ ክብደት እንደሚገዛ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የአገር ውስጥ ሥራ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ በግ ሻካራ ጠጉር ለባናና ለዝተት ሲውል ኖሯል። ደብረ ብርሃንም በሱፍ ሥራዋ ትታወቃለች፤ ብርድ ልብስም ምንጣፍም ይወጣባታል። ይህ ሥራ እንደ ፋርሱ የደቀቀ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ሞቃት ነው፣ አመጣጡም አያከራክርም። የበጉ ተፈጥሯዊ ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ቀለም ብቻ ያለበት ሥራ ነጭ ግድግዳ ባለው ዘመናዊ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያምር የአዲስ አበባ ቤት አስጌጦች ገና በቅጡ የተረዱት አይመስልም።

«አሮጌ ነው»

በዓለም ገበያ ልማድ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ምንጣፍ ጥንታዊ ይባላል። ከዚያ በታች ሆኖ ጥቂት አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረው አሮጌ በሚለው ክፍል ይመደባል። በሐረር ቤቶች ለሽያጭ ከሚቀርበው አብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ክፍል የሚወድቅ ቢሆን አያስገርምም፤ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚኖር፣ ሰው የሚቀመጥበት፣ ቡና የሚፈስበት ዕቃ ነውና።

ዕድሜን ከሚናገሩት ነገሮች አንዱ ቀለም ነው። ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ ተዛምቶ ከሥርና ከቅጠል የሚወጣውን ቀለም በብዙ ቦታ ተክቶታል። የመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ደካሞች ነበሩ፤ ፀሐይ ያጠፋቸዋል፣ ውኃ ያስለቅቃቸዋል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ቀለም ያለው ምንጣፍ አሮጌ አይደለም ማለት ስሕተት ነው። ከ80 ዓመት በፊት የተሠራም በፋብሪካ ቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል። የተፈጥሮ ቀለም ያለው ሁሉ አሮጌ ነው ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ በዚህ ዘመን ወደ ተፈጥሮ ቀለም የተመለሱ አምራቾች አሉ።

በአንድ ቀለም መስክ ላይ ደመቅ ፈዘዝ የሚል መስመር ቢታይ ገዢ ጉድለት ነው ብሎ ዋጋ ለማስቀነስ ይሞክራል። ጉድለት አይደለም። ሠሪው በትንሽ በትንሹ የነከረው ክር አልቆበት ሌላ ሲነክር የቀለሙ መጠን ስለ ተለያየ የመጣ ነው፤ የእጅ ሥራነቱ ምስክር ሆኖ የሚወደድበት ጊዜም አለ። ይልቅስ ዋጋ ማስቀነሻ የሚሆነው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲታሽ ቀለሙን የሚለቅ ምንጣፍ ነው። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ውኃ ሲፈስበት ነጩ ሁሉ ቀይ ይሆናል።

ማጭበርበሩ የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። አዲስ ምንጣፍን በሚያነጣ ኬሚካል ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማክረም፣ በሻይ ነክሮ ማወየብ፣ ጠጉሩን በቢላ መላጨት በየትም አገር የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። መለያው የጠጉሩ ሥር ነው። በዕድሜ የደበዘዘ ጠጉር ከጫፉ ወደ ሥሩ ቀስ በቀስ እየደመቀ ይሄዳል። በኬሚካል የደበዘዘው ግን ጫፉ ላይ ብቻ ድንገት የነጣ ነው፤ አንዳንዴም ጀርባው ከፊቱ በላይ የደመቀ ሆኖ ይገኛል። ትክክለኛ እርጅና ሥርዓት አለው። ሰው የሚመላለስበት መካከሉ ይሳሳል፣ ከመከዳ ሥር የኖረው ጠርዝ ይተርፋል። ሁሉም ቦታው እኩል የተላጨ ምንጣፍ በሰው እግር ሳይሆን በሰው ብልሃት ያረጀ ነው።

ከሐረር ቤት የወጣ ምንጣፍ ሌላም የሚመረመር ነገር አለው። ጫት የሚቃምበት፣ ዕጣን የሚጤስበት፣ ቡና በከሰል የሚፈላበት ክፍል ውስጥ የኖረ ነው። የፍም ፍንጣሪ የበሳው ቀዳዳ፣ ጥቀርሻ የዋጠው ቀለም፣ ከመደቡ ሥር ተጠቅልሎ የቆየ ከሆነም ብል የበላው ቦታ ይኖራል። ምንጣፉን በመስኮት ብርሃን ፊት ለፊት ከፍ አድርጎ ይዞ ከጀርባ ማየት ቀዳዳውን ሁሉ ያጋልጣል። ተመልሶ የተቋጠረ ቀዳዳ ነውር አይደለም። ነውሩ ሻጩ ሲደብቀው ነው።

ገንዘብ ማስቀመጫ ይሆናል?

የዚህ ገጽ አንባቢ በመጨረሻ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ አዲስ ምንጣፍ ዋጋውን ከዶላሩ ጋር ያነሣል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌውም የሚተካው በዶላር ስለሆነ ባለቤቱ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ አያስደንቅም። ይህ አስተሳሰብ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ሰዎች «ምንጣፍ ወርቅ ነው» የሚሉትም ከዚህ ተነሥተው ነው።

ነገር ግን ወርቅ በማንኛውም ቀን ገዢ አለው፤ በግራም ይመዘናል፣ ዋጋውም ጠዋት ይነገራል። ለአሮጌ ምንጣፍ በአገራችን መደበኛ ጨረታ የለም፣ የታወቀ ዋጋ አውጪ የለም፣ ሁለት ምንጣፍም አይመሳሰልም። እንበል አንድ ሰው በ100 ሺህ ብር ገዛ፤ ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የቀረበ ነው። ለደላላ 5 ሺህ፣ ለማጓጓዣ 3 ሺህ፣ ለማሳጠብና ጠርዙን ለማስጠገን 7 ሺህ አወጣ። ምንጣፉ 115 ሺህ ብር ሆነበት። ሊሸጥ ሲነሣ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከሽያጩ 20 በመቶ የራሱ ድርሻ ይፈልጋል። እንግዲህ ያወጣውን ብቻ ለመመለስ ምንጣፉ 143 ሺህ 750 ብር መሸጥ አለበት። ወለድ ሳይታሰብ፣ ዋጋው 44 በመቶ ገደማ ከፍ እስኪል ድረስ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። እስከዚያው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

የዓለም ገበያውም ቢሆን ሁለት ፊት አለው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 በኒው ዮርክ በሶዝቢ ጨረታ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ አንድ የፋርስ ምንጣፍ በ33.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ደላሎች ይህንን ማውራት ይወዳሉ። የማያወሩት ሌላውን ነው። ኢራን እ.ኤ.አ. በ1994 ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የእጅ ምንጣፍ ወደ ውጭ ልካ ነበር። በቅርብ ዓመታት ይህ ገቢ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ወርዷል። የአሜሪካ ማዕቀብ ትልቁን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2010 ዘጋ፣ በ2016 ተከፈተ፣ በ2018 እንደገና ተዘጋ። የሰዉ ቤት አያያዝም ተለወጠ፤ የማሽን ሥራው ረከሰ። የፋርስ ስም ስላለው ብቻ ዋጋው አይወርድም የሚል ሰው ይህን ቁጥር ቢያየው ይጠቅመዋል። ወደ ላይ የሚወጣው ከሁሉም የተመረጠው ጥቂቱ ነው። መካከለኛው ባለበት ይቆማል ወይም ይወርዳል።

ስለሆነም ስሌቱ ሌላ መሆን አለበት። በደንብ የተፈተለ የሱፍ ምንጣፍ በአግባቡ ከተያዘ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ያገለግላል። ርካሹ የፋብሪካ ምንጣፍ ጠጉሩ ተኝቶ፣ መልኩ ጠፍቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይለወጣል። ዋጋውን ለሚያገለግልበት ዓመት አካፍሎ የሚያይ ገዢ አሮጌው ብዙ ጊዜ የሚረክስ ሆኖ ያገኘዋል። ለኑሮ የገዛ አይከስርም፤ አየር በአየር ሊያተርፍ የገዛ ግን ዓይኑ የሠለጠነ መሆን አለበት። ዓይን ማሠልጠኛው ደግሞ ነፃ ማለት ይቻላል። በሐረር በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ግማሽ ቀን መጎብኘት በሱቅ ከሚነገር የአንድ ሳምንት ወሬ የበለጠ ያስተምራል።

ከመደቡ ይልቅ ግድግዳው

በሐረር ቤት ውስጥ የምንጣፍ ገዢ እግሩ ሥር እያየ የሚያልፈው ሀብት አለ። ግድግዳውን የሸፈነው ስፌት ነው። የሐረሪ ሴቶች ጠፍጣፋውን ስፌት ሞት ይሉታል፤ በአማርኛ ቃሉ ለጆሮ ቢከብድም ዕቃው የሠርግና የደስታ ነው። ሀማት ሞት የሚባለው ከአማት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሙሽራ ወደ አዲስ ቤቷ ስትሄድ ስፌቶቿ አብረው ይሄዳሉ፣ በግድግዳውም ላይ በሥርዓት ይሰቀላሉ። ትልቁን ሰፍቶ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። በአፎቻ የተሰባሰቡ ሴቶች እርስ በርስ ቤት ሲገባቡ ዓይናቸው በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ሥራውንም ዋጋውንም ያውቁታል።

ለነጋዴው ይህ ትርጉም አለው። ምንጣፉ ከየት እንደ መጣ ማከራከሩ አይቀርም። ስፌቱ ግን የሐረር መሆኑ አያከራክርም፤ የሰፋችውም ሴት ወይም ልጇ በሕይወት ልትኖር ትችላለች፣ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ጌጡ ስም አለው፣ ደቃቅና ሻካራ ሥራው ከሩቅ ይለያል። አሮጌውና አዲሱም በቀለሙ ይታወቃል። ቀላል ነው፣ ለማጓጓዝ አያስቸግርም። ሆኖም ገዢው ብዙውን ጊዜ የአንድ ምንጣፍ ዋጋ ከፍሎ ስፌቱን «ጨምሪበት» ሲል ይሰማል። ለወራት ልፋት የሚቀርብ ምርቃት!

እዚህ ላይ የሻጩ ቤተሰብም የራሱን ሂሳብ ቢሠራ መልካም ነው። አሮጌ ዕቃ ከጁገል ቤት የሚወጣው በታወቁ ጊዜያት ነው፤ ወላጅ ሞቶ ውርስ ሲከፋፈል፣ ልጆች ውጭ አገር ሄደው ቤቱ ሲዘጋ፣ አሮጌው ቤት በብሎኬት ሲተካና መደቡ ፈርሶ ሶፋ ሲገባ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ሻጩ ወይ ኀዘን ላይ ነው፣ ወይ ጥድፊያ ላይ ነው፣ ወይ ዕቃውን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮታል። ደላላውም የሚመጣው በዚያን ሰዓት ነው። በሌላ በኩል በጁገል ውስጥ ባህላዊ ቤታቸውን እንደ ነበረ ጠብቀው እንግዳ የሚያሳድሩና ጎብኚ የሚያስገቡ ቤተሰቦች አሉ። ጎብኚው የሚከፍለው ለአልጋው አይደለም፤ አልጋ ከግንቡ ውጪ ባሉ ሆቴሎችም ሞልቷል። የሚከፍለው ምንጣፉ በመደቡ፣ ስፌቱ በግድግዳው፣ ጥቅሉ በበሩ አናት ስላለ ነው። ምንጣፉን የሸጠ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ዋጋ ይቀበላል። ያስቀረው በየሌሊቱ ኪራይ ይቀበልበታል። ነደባው የተራቆተ ቤት የቀረውን ዕቃ ጭምር ዋጋ ያሳጣዋል፤ ይህን የሚያህል ኪሳራ በደላላው ሂሳብ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም።

ወረቀትና ደረሰኝ

ዕቃውን ወደ ውጭ አገር ለመውሰድ የሚገዛ ሰው የሕጉን ነገር አስቀድሞ መጨረስ አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥና ለኤግዚቢሽን ሆኖ ፈቃድ ሲሰጥ ነው። አንድ ዕቃ ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ ሻጩ «ምንም አይሉህም» ማለቱ በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ አያድንም። ስለዚህ ዕድሜ ጠገብ ነው ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከባለሥልጣኑ ሳያገኙ ሻንጣ ውስጥ መክተት ብልህነት አይደለም። አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። ሱቁ ውስጥ 150 ዓመቱ ነው ተብሎ የተማለለት ምንጣፍ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል በዚያው ሻጭ አፍ የአሥር ዓመት ዕቃ ይሆናል።

በአገር ውስጥ የሚገዛም ቢሆን ደረሰኝ ይጠይቅ። በደረሰኙ ላይ «ምንጣፍ አንድ» ተብሎ መጻፉ አይበቃም። ርዝመቱና ስፋቱ፣ ሱፍ ወይም ጥጥ መሆኑ፣ በእጅ የተቋጠረ መሆኑ፣ ሻጩ የነገረው ዕድሜና የታወቀው ጉድለት ቢጻፍ፣ ኋላ ክርክር ቢነሣ የሚታይ ነገር ይኖራል። ከሻጩና ከገዢው ከሁለቱም በኩል ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ የሰጠው ግምት እንደ ግምት አይቆጠርም። ሒሳቡን ሳይዘጋ ምንጣፉን ለሁለትና ለሦስት ቀን በአደራ ወስዶ በራሱ ቤት ብርሃን ማየት የሚፈልግ ገዢም ይህንኑ ከሻጩ ጋር በቅድሚያ ይነጋገር። የሱቅ አምፖል ሥር ቀይ የነበረው በቤት መስኮት ብርቱካናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ገዝቶ ቤቱ ያስገባው ሰው ደግሞ በየስድስት ወሩ ጫፉን አዙሮ ያንጥፈው፤ ፀሐይና እግር አንዱን ጎን ብቻ እንዳይበሉት ነው። ለማስቀመጥ ሲፈልግ አያጥፈው፣ ይጠቅልለው፤ በላስቲክም አይሸፍነው፣ እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋልና በጥጥ አንሶላ ይጠቀም። ቡና ቢፈስበት በደረቅ ጨርቅ ወዲያው መጫን እንጂ ማሸት አይገባም።